የምዕራፍ ሠረገላ፤ የመንገደኛ ሠረገላ ታሪክ በእንግሊዝ አገር

ምዕራፍ ማለት በግዕዝ ማረፊያ ማለት ነው፤ ዐረፈ ካለው ግስ የወጣ ነው። መጽሐፍ በምዕራፍ መከፈሉ አንባቢው ንባቡን ከአንድ ስፍራ አድርሶ እንዲያርፍ፥ ዐርፎም እንዲነሣ ነው፤ የመንገደኛም ጕዞ እንደዚሁ ነው። እንግሊዞች ሕዝብን በኪራይ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚያመላልሰው የፈረስ ሠረገላ ያወጡለት ስም በአማርኛ ቢተረጐም «የምዕራፍ ሠረገላ» የሚል ይሆናል፤ ይኸውም ረጅሙን መንገድ በአንድ ፈረስ ጕልበት ሳይሆን፥ ምዕራፍ በምዕራፍ ፈረስ እየለወጠ የሚፈጽም ስለ ነበረ ነው።

በ1754 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሕፈት የሚነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከስኮትላንድ ዋና ከተማ ከኤዲንብራ ተነሥቶ ወደ ሎንዶን የሚወርድ መንገደኛ በሙቀት ወራት 10 ቀን፥ በብርድ ወራት 12 ቀን በሠረገላ ይጓዝ ነበረ። የመንገዱ ርዝመት 400 ማይል ያህል ነው፤ ይኸውም 640 ኪሎሜትር ያህል ነው። ከ80 ዓመት በኋላ ግን ያንኑ መንገድ የፖስታ ሠረገላ በ45 ሰዓት ያህል ይፈጽመው ጀመረ፤ ይህም ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። በዚህ መካከል ለፈረስ አምስተኛ እግር አልተጨመረለትም፤ የሚበላውም ያው ገለባና አጃ ነበረ። እንግዲህ እነዚያ ስምንት ቀኖች ወዴት ሄዱ? ፍጥነቱስ ከወዴት መጣ? ዋጋውንስ የከፈለው ማን ነው? የዚህ ሠረገላ ታሪክ ዋናው ነገር በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ይገኛል።

እንግሊዞች ሠረገላውን «ኮች» ይሉታል፤ ስሙም የእነርሱ አይደለም። በሁንጋርያ አገር ኮች የምትባል አንዲት መንደር ነበረች፤ የመንደሪቱ አናጢዎች በ15ኛው መቶ ዓመት የሚሠሩት ቀላል ሠረገላ በአውሮፓ ሁሉ ስለ ተወደደ፥ ዕቃው በመንደሪቱ ስም ተጠራ። በእንግሊዝ አገር አስቀድሞ በሠረገላ የሚሄዱ መኳንንት ብቻ ነበሩ። ሌላው ሕዝብ ፈረስ ቢኖረው በፈረሱ፥ ባይኖረው በእግሩ፥ በሽተኛና ሽማግሌ ቢሆን ደግሞ ጭነት በሚጐትተው ከባድ ጋሪ ላይ ከዕቃው ጋር ተጭኖ ይሄድ ነበረ።

በ17ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ግን በኪራይ የሚሄደው ሠረገላ ተጀመረ። በ1658 ዓመተ ምሕረት በሎንዶን ጋዜጣ በወጣ ማስታወቂያ፥ ከሎንዶን እስከ ኤክሰተር በ4 ቀን ለሚወስደው ሠረገላ የአንድ ሰው ኪራይ 40 ሽልንግ እንደ ሆነ ተነግሯል። በዚያን ጊዜ የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በቀን 1 ሽልንግ ያህል ስለ ነበረ፥ ይህ ገንዘብ የአርባ ቀን ድካም ዋጋ ነው። በ1669 ደግሞ ከኦክስፎርድ ጠዋት ተነሥቶ በዚያው ቀን ማታ ሎንዶን የሚገባ ሠረገላ ቢገኝ፥ ሰዎች እጅግ ተደንቀው «የሚበር ሠረገላ» ብለው ሰየሙት። የበረረውም 90 ኪሎሜትር ያህል ነው።

አዲስ ነገር በተነሣ ጊዜ ተቃዋሚ አይታጣምና፥ በ1670ዎቹ ዓመታት ጆን ክሬሴት የሚባል ሰው የመንገደኛ ሠረገላ ሁሉ በሕግ እንዲከለከል ተከራከረ። ክርክሩም እንዲህ ነበረ፤ ሰው ሁሉ በሠረገላ ተቀምጦ ከሄደ ጥሩ ፈረስ የሚያረባ አይገኝም፤ ኮርቻና ልጓም፥ ጫማና ካባ የሚሠራው ባለ እጅ ሥራ ያጣል፤ በወንዝ ላይ ሰው የሚያሻግረው ባለ ጀልባ ይራባል፤ ጐልማሳውም ፀሐይና ዝናም መቻል ትቶ ሰነፍ ይሆናል። ክርክሩ አልተሰማም። ነገር ግን ሰውየው እንዲሁ ሞኝ ነበረ ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው የሚጐዳ መሆኑን አስቀድሞ አይቶ ነበርና።

ሠረገላው በመጀመሪያ የዘገየው በፈረሱ ድካም አይደለም፤ በመንገዱ ክፋት ነው። በ1555 በወጣ ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ አጥቢያ የሚኖር ሕዝብ በየዓመቱ ጥቂት ቀን ያለ ደመወዝ ወጥቶ በአጥቢያው የሚያልፈውን መንገድ እንዲጠግን ይገደድ ነበረ። ገበሬው ግን መንገዱን የሚያበላሸው የሩቅ አገር ሠረገላ መሆኑን እያየ፥ የራሱን እርሻ ትቶ ለሌላው መንገድ በሙሉ ልቡ ሊደክም አልወደደም። ስለዚህ ጭቃው እስከ መንኰራኵር ወገብ ይደርስ ነበረ፤ መንገደኞችም እየወረዱ ሠረገላውን በትከሻቸው ይገፉ ነበረ።

በዚህ ምክንያት ከ1663 ጀምሮ ኬላ ማቆም ተጀመረ። ፓርላማው የፈቀደላቸው ማኅበሮች በመንገድ ላይ በር አቁመው፥ ከሚያልፈው ሠረገላና ፈረስ፥ ከሚነዳውም ከብት ቀረጥ እየተቀበሉ፥ በገንዘቡ መንገዱን ያስጠግኑ ነበረ። በ1830ዎቹ ዓመታት የማኅበሮቹ ቍጥር ከ1,000 በላይ፥ የሚጠብቁትም መንገድ ከ32,000 ኪሎሜትር በላይ ሆኖ ነበረ። በ1816 የብሪስቶል መንገዶች ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ስኮትላንዳዊው ጆን ማክአዳም ደግሞ መንገድ የሚሠራበትን ጥበብ ለወጠ። የእርሱ ዘዴ ቀላል ነበረ፤ ከመንገዱ ላይ ውሃው እንዲወርድ መሬቱን ከፍ አድርጎ መደልደል፥ በላዩም በመዶሻ ተሰባብሮ የደቀቀ ድንጋይ ማልበስ፤ የሚያልፈው መንኰራኵር ራሱ ድንጋዩን እየረገጠ እንደ አንድ ገበታ ያጋጥመዋል። ከ170 ግራም የሚበልጥ ድንጋይ እንዳይገባበት ያስጠነቅቅ ነበረ። ድንጋዩንም የሚሰባብሩ በመንገድ ዳር የተቀመጡ ድኾች ሽማግሌዎች፥ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ከጠፉት ስምንት ቀኖች ብዙዎቹ የተገኙት ከእነዚህ ሰዎች መዶሻ በታች ነው።

ሁለተኛው የፍጥነት ምንጭ ሰዓት ነው፤ ይህንም ያመጣው የመንገድ መሐንዲስ ሳይሆን የቲያትር ባለቤት ነው። ጆን ፓልመር በባዝ ከተማ ቲያትር ነበረው፤ በብሪስቶልም ሌላ ቲያትር ስለ ነበረው፥ ተጫዋቾቹንና ዕቃቸውን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በሠረገላ ፈጥኖ ያመላልስ ነበረ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ደብዳቤ የሚሄደው በፈረስ በተቀመጠ ብላቴና እጅ ነው፤ ብላቴናው መሣሪያ ስለሌለው ወንበዴ ይገፈዋል፤ ፈረሱም የደከመ ስለ ሆነ ከባዝ ወደ ሎንዶን ደብዳቤ ለማድረስ እስከ 38 ሰዓት ይወስድ ነበረ። ፓልመርም፥ ተጫዋቾቼ በአንድ ቀን የሚደርሱበት አገር የመንግሥት ደብዳቤ ስለ ምን ሁለት ቀን ይቈያል ብሎ፥ በ1782 አሳቡን ለመንግሥት አቀረበ። የፖስታ ቤት ሹማምንት ነገሩ የማይሆን ነው ብለው ተቃወሙት፤ ዊልያም ፒት ግን ተቀበለውና እንዲፈተን አዘዘ።

በ1784 ኦገስት 2 ቀን፥ የመጀመሪያው የፖስታ ሠረገላ ከብሪስቶል ከቀኑ በ10 ሰዓት ተነሣ፤ በባዝ በኩል አልፎ ሌሊቱን ሁሉ ተጕዞ በማግስቱ ጠዋት በ2 ሰዓት ሎንዶን ገባ። 190 ኪሎሜትር ያህል መንገድ በ16 ሰዓት ተፈጸመ። በተከታዩ ዓመት ወደ ሊቨርፑል፥ ወደ ሊድስና ወደ ኖርዊች፥ በ1786ም ወደ ኤዲንብራ የፖስታ ሠረገላ ተመደበ፤ የኤዲንብራውም መንገድ በዚያ ጊዜ 60 ሰዓት ይወስድ ነበረ። ፓልመር ከሹመቱ በ1792 ቢሻርም፥ ፓርላማው ዘግይቶ በ1808 ስለ ድካሙ 50,000 ፓውንድ ሰጠው።

የፖስታ ሠረገላ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። ነጂው ከፊት ተቀምጦ አራት ፈረሶች ይነዳል፤ በስተኋላ ደግሞ ቀይ ልብስ የለበሰ የፖስታ ቤት ዘበኛ ይቀመጣል። ዘበኛው አፈ ሰፊ ጠመንጃና ሁለት ሽጕጥ ይይዛል፤ የደብዳቤው ሣጥን ከእግሩ በታች ነው። መለከትም አለው፤ መለከቱ በተነፋ ጊዜ የኬላው ጠባቂ በሩን ከፍቶ መጠበቅ ግዴታው ነው፤ የፖስታ ሠረገላ ቀረጥ አይከፍልም፤ ያዘገየው ሰውም ይቀጣል። ፈረስ በሚለወጥበት ስፍራ ባልደራሶች የታጠቁ አራት ፈረሶች ይዘው ይጠብቃሉ፤ አስቀድሞ ሩብ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ለውጥ በሁለት ደቂቃ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይፈጸም ጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ዘበኛው በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ሰዓት ነው። ሰዓቱ በተቈለፈ ማኅደር ውስጥ ስለ ሆነ ዘበኛው ሊያየው እንጂ ሊያዛባው አይችልም፤ በየምዕራፉም የደረሰበት ደቂቃ በወረቀት ይጻፋል። በዚያን ዘመን እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ፀሐይ ይቈጥር ነበረ፤ የብሪስቶል ቀትር ከሎንዶን ቀትር 10 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሰዓት በጕዞው ልክ እንዲዘገይ፥ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰውም እንዲቀድም ሆኖ ይስተካከል ነበረ። በመንገድ ዳር ያሉ ሰዎችም የመንደራቸውን ሰዓት በፖስታ ሠረገላው ማለፍ ያስተካክሉ ጀመር። ሰሙ ፈረስ ነበረ፤ ወርቁ ግን ሰዓት ነው።

ይህ ሥርዓት ምን ያህል የጸና እንደ ነበረ ከሁለት ነገሮች ይታያል። የመጀመሪያው በ1816 ኦክቶበር 20 ቀን ማታ በሳልዝበሪ አቅራቢያ ከአንድ የመንገደኛ ማደሪያ ቤት ደጅ የሆነው ነው። ከኤክሰተር ወደ ሎንዶን የሚሄደው የፖስታ ሠረገላ ለጥቂት ጊዜ እንደ ቆመ፥ ከአውሬ አሳዪ ጋሪ ያመለጠች አንበሳ ከጨለማ ወጥታ ከፊት ካሉት ፈረሶች በአንዱ ላይ ወጣችበት። መንገደኞቹ ሮጠው ከማደሪያው ቤት ገቡና በሩን ዘጉ፤ ዘበኛው ግን ጠመንጃውን አንሥቶ ሊተኵስ ተዘጋጀ። የአንበሳዪቱ ጌታ ደርሶ እንዳይተኵስ ለመነው፤ እርሷም ከጐተራ ሥር ገብታ ተያዘች። ሠረገላውም ከዚህ በኋላ ወደ ሎንዶን መንገዱን ቀጠለ።

ሁለተኛው ነገር የሚያሳዝን ነው። በ1831 ፌብሩዋሪ 1 ቀን ከደምፍሪስ ወደ ኤዲንብራ የሚሄደው የፖስታ ሠረገላ ከሞፋት ከተማ በላይ ባለው ተራራ በበረዶ ተያዘ። ዘበኛው ጄምስ ማክጆርጅና ነጂው ጆን ጉድፌሎ መንገደኞቹ በሰላም እንዲመለሱ አድርገው፥ የደብዳቤውን ከረጢቶች ይዘው መጀመሪያ በፈረስ፥ ፈረሶቹም በተሳናቸው ጊዜ በእግራቸው ወደ ፊት ሄዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሬሳቸው ከበረዶ ውስጥ ተገኘ። ከረጢቶቹ ግን ከበረዶ በላይ መንገድ ለማሳየት በተተከለ ምሰሶ ላይ ታስረው ነበረ፤ የሚሞቱ ሰዎች እጃቸው በብርድ እየደረቀ ያሰሩት ቋጠሮ ሳይፈታ ቈየ። ከረጢቱን ጥለው ቢመለሱ ኖሮ በሕይወት ይኖሩ ነበር ይሆናል። የሥርዓት ታላቅነትና የሥርዓት ጭካኔ በዚያ ቋጠሮ ላይ አብረው ታስረው ይታያሉ።

ፍጥነት ያለ ዋጋ አልተገኘምና፥ ሌሎቹንም ከፋዮች መቍጠር ይገባል። የመጀመሪያው ፈረሱ ነው። ባለ ሠረገሎች ለአንድ ሠረገላ ለአንድ ማይል መንገድ አንድ ፈረስ ያስፈልጋል ብለው ይቈጥሩ ነበረ፤ ስለዚህ ከሎንዶን እስከ ኤዲንብራ ለሚመላለስ ሠረገላ 400 ያህል ፈረስ ያስፈልገዋል። ፈረሱ በቀን የሚሮጠው ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ያለው ጕልበት ሁሉ ስለሚወጣ፥ በፈጣን ሠረገላ የተጠመደ ፈረስ ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በላይ አያገለግልም ነበረ። ከዚያ በኋላ ለእርሻ ወይም ለጋሪ በትንሽ ዋጋ ይሸጥ ነበረ።

ሁለተኛው ድኻው መንገደኛ ነው። በሠረገላው ውስጥ የሚቀመጡት አራት ወይም ስድስት ሰዎች ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ፤ በጣራው ላይ የሚሰቀሉት ግን እኩሌታውን ያህል ይከፍላሉ። በጣራው ላይ የሚጫነው ሰው እጅግ ስለ በዛና ሠረገላው እየተገለበጠ ብዙ ሰው ስለ ጐዳ፥ በ1788 ጣራው ከ6 ሰው በላይ እንዳይጭን ሕግ ወጣ። ብርዱን ግን የሚከለክል ሕግ አልተገኘም። በ1812 በማርች ወር ወደ ባዝ የሚሄድ ሠረገላ ቺፕነም ከተማ ሲደርስ፥ በጣራው ላይ ከነበሩት መንገደኞች ሁለቱ በተቀመጡበት በብርድ ሞተው ተገኙ። ከእግራቸው በታች፥ በእንጨቱ ግድግዳ ውስጥ፥ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት በሙቀት ተቀምጠው ነበር። በአንድ ሠረገላ፥ በአንድ መንገድ፥ በአንድ ሰዓት የሚሄዱ ሰዎች በዕድላቸው ግን ይህን ያህል ይራራቁ ነበረ።

ሦስተኛው ገበሬው ነው። ሠረገላ የማይሳፈረው ገበሬ ለእርሻው ኖራ በጋሪ ሲያመጣ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበረ። በምዕራብ ዌልስ ኬላው እየበዛ ቀረጡ ቢከብድባቸው፥ ከ1839 እስከ 1843 ገበሬዎች የሴት ልብስ ለብሰው በሌሊት እየወጡ ኬላዎቹን በመጥረቢያ ሰባበሩ፤ በእሳትም አቃጠሉ። መሪያቸውንም «ርብቃ» ብለው ጠሩት፤ ይህም በኦሪት ዘፍጥረት በ24ኛው ምዕራፍ ለርብቃ የተሰጠው ምርቃት ስለ ጠላት ደጅ የሚናገር ስለ ሆነ ነው። መንግሥትም ወታደር ላከባቸው፤ ነገር ግን ጕዳዩን መርምሮ እውነት እንዳላቸው ስላወቀ፥ በ1844 ቀረጡን የሚያቀል ሕግ አወጣ።

ሠረገላው በዚህ መንገድ ወደ ፍጻሜው ደረሰ፤ መንገዱ እንደ ገበታ ተስተካከለ፤ በ1804 ከተፈለሰፈው፥ በዛሬ መኪና ሥር እንዳለው ባሌስትራ ካለ የብረት ቅስት የተነሣ መንገደኛው መንገላታቱ ቀነሰለት፤ ሠረገላው በሰዓት 10 ማይል፥ ይኸውም 16 ኪሎሜትር፥ መሄድ ቻለ። ከዚህ በላይ ግን የፈረስ ሥጋ አይችልም። ልክ በዚህ ጊዜ፥ በ1830 ሴፕቴምበር 15 ቀን፥ ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር የባቡር መንገድ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ደብዳቤ በባቡር መጓዝ ጀመረ። በ1838 ከሎንዶን እስከ በርሚንግሃም፥ በ1841 ከሎንዶን እስከ ብሪስቶል ሐዲዱ ተፈጸመ። ፓልመር በ16 ሰዓት ስለ ሄደበት የተመሰገነበትን መንገድ ባቡሩ በ4 ሰዓት ያህል ሄደው። ሠረገላው የጠፋው ስለ ከፋ አይደለም፤ ይልቁንም ከመቼውም ይልቅ በተሻለበት ዘመን ጠፋ።

ያን ጊዜ ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። በሎንዶን ከሁሉ የሚበልጠው የሠረገላ ባለቤት ዊልያም ቻፕሊን ከ1,000 የሚበልጡ ፈረሶች ነበሩት፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ፈጥኖ ስላወቀ ፈረሶቹንና ሠረገሎቹን ሸጦ ገንዘቡን በባቡር ማኅበር አኖረ፤ በኋላም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። የሚሸጠው ነገር የሌለው ባልደራስ፥ ነጂና የማደሪያ ቤት አሽከር ግን እንዲህ ሊያደርግ አልቻለም። ከሎንዶን ወደ ምዕራብ ለሚሄድ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሆነችው ሐውንስሎው ከተማ ኑሮዋ ፈረስ በመለወጥ ብቻ ስለ ነበረ፥ ባቡሩ ሲከፈት ጋጣዎቿ ባዶ ቀሩ። በ1846 ጃንዋሪ 6 ቀን ከኖርዊች ጋር የሚመላለሰው የሎንዶን የመጨረሻ የፖስታ ሠረገላ ጕዞውን ፈጸመ፤ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ ግን ባቡር እስከ ደረሰበት እስከ 1874 ድረስ ቈየ። የመጨረሻውም የኬላ ማኅበር በ1895 ተዘጋ።

ሠረገላው ቢጠፋም ሥርዓቱ አልጠፋም። ባቡሩ ዘበኛ የሚለውን ስም ከሠረገላው ወሰደ፤ መንገደኛ የሚቀመጥበትም ክፍል፥ ዛሬም ሩቅ አገር የሚሄደው አውቶቡስ «ኮች» ይባላል። የመነሻና የመድረሻ ሰዓት በወረቀት አስቀድሞ ማስታወቅ፥ በየምዕራፉ ደቂቃ መጻፍ፥ ከዚያ ወርሶታል። ከብሪስቶል እስከ ሎንዶን አንድ ሰዓት ይሁን የሚለውም ነገር በ1840 በባቡሩ የተፈጸመ ነው እንጂ፥ አስቀድሞ የታሰበው በዘበኛው አንገት ላይ በነበረው በተቈለፈው ሰዓት ነው።

እንግዲህ እነዚያ ስምንት ቀኖች የሄዱበት ታወቀ። ፈረሱ ከአባቱ ይልቅ ስለ ፈጠነ አልተገኙም፤ ድንጋይ ከሰባበሩ እጆች፥ ቀረጥ ከከፈሉ ገበሬዎች፥ ዕድሜያቸው ካጠረ ፈረሶች፥ በጣራ ላይ ከደረቁ መንገደኞች፥ በበረዶ ውስጥ ቋጠሮ ካሰሩ ሁለት ሰዎች ጥቂት ጥቂት ተለቅመው የተገኙ ናቸው። ፈጥኖ የደረሰው ሰው በደረሰበት ማደሪያ ቤት ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ሰዓቱን ሲያይ፥ የተረፈለትን ጊዜ ከማን እንደ ተቀበለ አያውቅም ነበረ። ቢያውቅ ኖሮ ግን ከመቀመጡ በፊት ወደ ጓሮው ዞር ብሎ፥ ላቡ የሚጤሰውን ፈረስ ባልደራሱ በገለባ ሲያሸው ያይ ነበር።